የወንድሜ ግማሽ በርሜሎች

ወንድሜ ከልጅነቱ ጀምሮ አንዲት ጥያቄ ነበረችው። "ከማን መጥቶ ወደ ማን ይሄዳል?" ይላል። ሌላው ልጅ እንቁላል ሲሰጡት ልጦ ይበላል፤ እሱ ዶሮዋ ምን እንደበላች ካልተነገረው አይጎርስም። እናታችን፣ ነፍሷን ይማርና፣ "አንተ ልጅ፣ ስትመረምር ሌላው በልቶብህ ይነሣል" ትለው ነበር። እኔ ታላቅ እህቱ ነኝ፤ ትዕግሥት የሚባል ነገር ደግሞ አልፈጠረብኝም። ጥያቄ ሲያበዛብኝ "ዝም ብለህ ብላ" እለዋለሁ። እሱ ግን ዝም ብሎም አይበላም፣ በልቶም ዝም አይልም።

ስናድግ ወልድያ ላይ፣ ከአስፋልቱ ዳር፣ ጎን ለጎን ሁለት ክፍል ከቀበሌ ተከራየን። አንዱ የእኔ ሱቅ ነው፤ ጨው፣ ሳሙና፣ ክብሪት፣ ሲገኝ ላምባ እሸጥበታለሁ። ሌላው የእሱ ብየዳ ቤት ነው። መሐላችን ያለው ግድግዳ ስስ ስለነበር ከደንበኛ ጋር የሚነጋገረውን ሁሉ ወደድኩም ጠላሁም እሰማለሁ። አንድ ቀን አንድ የጭነት መኪና ሹፌር መጣና "ራዲያተሬ ተቀዷል፣ ቶሎ ድፈንልኝ" አለው። ወንድሜ ራዲያተሩን ትቶ መኪናው ሥር ገባ። ሹፌሩ ይነጫነጫል፣ እኔ በግድግዳው በኩል እስቃለሁ። በመጨረሻ ዘይት ተለቅልቆ ወጣና "ሞተርህ የተቀመጠበት ጎማ አልቋል። ሞተሩ ሲንቀጠቀጥ ቱቦውን ይጎትታል፣ ቱቦው ራዲያተሩን ይሰነጥቀዋል። ቀዳዳውን ብደፍንልህ ኮምቦልቻ ሳትደርስ በሌላ በኩል ይቀደዳል" አለው። ሹፌሩ አላመነውም፤ አስደፍኖ ሄደ። ሲመለስ ግን አዲስ ጎማ ይዞ መጣ።

"ነገር ሰንሰለት ነው" ይል ነበር ወንድሜ። "አንዱን ቀለበት ብቻ ይዘሽ ብትጎትቺ የሚበጠሰው ሌላው ነው።" እኔ በዚህ ነገሩ ሥራ ስፈታ እቀልድበታለሁ። "እስቲ ዛሬ ደግሞ ጨው ከማን መጥቶ ወደ ማን ይሄዳል?" ስለው፣ ከአፋሩ ግመል ተነሥቶ ደንበኛዬ ድስት ውስጥ እስኪገባ ድረስ ያወራልኛል፤ ደንበኛዬ ከፊቴ ቆማ እየጠበቀች። ብልህ ነበር፤ አልክድም። ብልህ ሰው ደግሞ ያደክማል።

የምተርከው ግን የአጎታችንን ነገር ነው። የእናታችን ታላቅ ወንድም ናቸው። መርሳ አጠገብ፣ ወደ ውርጌሳ በሚወስደው በኩል፣ ከመንገዱ ገባ ብሎ ማሽላ ያርሱ ነበር። አባታችን ሞተው እናታችን ሁለት ልጅ ታቅፋ ወልድያ ላይ ስትቀር ያቆሙን እሳቸው ናቸው። ገበያ በዋለ ቁጥር አህያቸው ላይ አንድ ስልቻ ማሽላ ጭነው ይመጣሉ፣ ከደጃችን ያራግፋሉ፣ ውኃ ጠጥተው ይመለሳሉ። አንድም ቀን "አድርጌላችኋለሁ" ብለው አያውቁም። እንዲያውም ሲያመሰግኗቸው ያፍራሉ። "እኔ ምን አደረግሁ፤ አህያዋ መንገዱን ለምዳው ነው የመጣችው" ይላሉ። እኔና ወንድሜ በዚያ ማሽላ ነው ሰው የሆንነው። ይሄ ነገር ወንድሜን ያንገበግበው ነበር፤ ብድር የሚመልስበትን ይፈልጋል፣ እሳቸው ደግሞ ብድር የሚመለስላቸው ሰው አይደሉም።

አንድ ዓመት፣ ክረምቱ እንደወጣ፣ ልንጠይቃቸው ሄደን ጉድጓዱን ከፍተው አገኘናቸው። በዚያ አገር ማሽላ የሚኖረው በጉድጓድ ነው። መሬቱን እንደ እንስራ አፉን ጠበብ፣ ሆዱን ሰፋ አድርገው ይቆፍሩታል፤ ውስጡን በእበት ለቅልቀው ገለባ ያለብሱታል፤ እህሉን ሞልተው በጠፍጣፋ ድንጋይ ይከድኑና አፈሩን ይመልሱበታል። ከላይ ላየው ሜዳ ነው። ያን ዓመት ግን ዝናቡ በርትቶ ውኃ ገብቷል። አጎታችን ከደረታቸው በላይ ብቻ እየታዩ የጠቆረና የተጋገረ እህል በአካፋ ያወጣሉ፤ ሽታው ከሩቅ ያንቃል። ባለቤታቸው፣ ሁላችንም እትዬ የምንላቸው፣ ከሻገተው መሐል ደህና ደህናውን ይለቅማሉ።

ወንድሜ ቁጢጥ አለና ጀመረ። "አጎቴ፣ ለምንድን ነው በጉድጓድ የሚያኖሩት?"

"የአባቶቻችን ወግ ነው፣ ልጄ።"

"ያ ጎተራስ?" ከደጃቸው ጎተራ ቆሟል፤ ውስጡ ግን ከታች ትንሽ ማሽላ ብቻ ነው ያለው።

"ነቀዝ" አሉት አጎታችን።

እትዬ ቀና ብለው ባላቸውን አዩና መልሰው ወደ እህሉ አጎነበሱ። ሁለቱም መልስ እውነት ነው። ወጉም ወግ ነው፣ ነቀዙም ነቀዝ ነው። ወንድሜ ውኃውንና ነቀዙን ይዞ ወልድያ ተመለሰ፤ ከዚያ በኋላ እንቅልፍም የለው።

መጀመሪያ ያሰበው በርሜል ነው። ሬንጅና ነዳጅ የመጣበት ባዶ በርሜል ከመንገድ ሠራተኞች ሰፈር ይገኛል። እኔ "በቃ፣ በርሜል ውሰድላቸው" አልኩት። እሱ ግን ያን የራዲያተር ሹፌር ባየበት ዓይን ነው ያየኝ። በርሜሉ ከማን መጥቶ ወደ ማን ይሄዳል? በየገበያው ቀን ሥራውን ዘግቶ መርሳ ይወርዳል፣ ያገኘውን ሁሉ ይጠይቃል። አህያ የሚጭነውን ሰው ሲጠይቀው "ሙሉ በርሜል በአህያ አይጫንም፤ አንድ ብቻውን ያዘነብላል፣ ሁለት አድርጌ ባስረው መንገዱ ይጠበኛል" አለው። ስለዚህ በርሜሉን ከወገቡ ቆርጦ ከአንዱ ሁለት አደረገው፤ ጥንዱ በአህያ ግራና ቀኝ ልክ ይሆናል። ሴቶቹን ሲጠይቃቸው "እህሉ ሲጎድል ከታች ለማውጣት በራሳችን ልንገባበት ነው እንዴ?" ብለው ሳቁበት። ስለዚህ ከሥር በኩል መውጫ ከፍቶ በእጅ የምትንሸራተት ብረት አደረገለት፤ ሳብ ሲያደርጓት እህሉ ራሱ እየፈሰሰ ይወርዳል፣ ሲመልሷት ይቆማል። ባለ ወፍጮውን ሲጠይቀው "የረጠበ እህል ድንጋዬን ያበላሽብኛል" አለው። ስለዚህ እህሉ በጥርስ ተሰብሮ ቀጭ ካላለ እንዳይገባ ለሁሉም ማስተማር ጀመረ። የሬንጁ ሽታ እንዲለቅ በርሜሉን በእሳት ያቃጥለዋል። ለክዳኑ የመኪና ጎማ የውስጥ ላስቲክ ቆርጦ ያለብሰዋል። የነቀዙን መላ ያገኘው ግን ከቤተ ክርስቲያን ሲመለስ ነው፤ ጧፍ አብርቶ እህሉ ላይ ያቆምና ክዳኑን ይገጥማል። ጧፉ ውስጥ ያለውን አየር በልቶ ሲጠፋ ነቀዙም አብሮ ይጠፋል።

ከሲሪንቃ የእርሻ ምርምር ሠራተኛ የሆነ አንድ ባለሙያ ተጎታች ሊያስበይድ መጥቶ ይህን አየ። ዞሮ ዞሮ አየውና "አንተ ዕቃውን ብቻ ሳይሆን ዕቃው የሚያልፍበትን እጅ ሁሉ ነው የሠራኸው" አለው። ወንድሜ ያን ቀን ምሳውን አልበላም። እኔም ኮርቻለሁ፤ ምን ያደርጋል።

በመጨረሻ እንዳይዝግ ብሎ ከጭነት መኪና የተረፈ አረንጓዴ ቀለም ቀባቸው። ሦስት ጥንድ ሆኑ። በአጎታችን አህያ ራሱ አስጭኖ ወሰደላቸው። አጎታችን እያንዳንዱን በእጃቸው ዳሰሱና "ይሄ ሁሉ ለእኔ?" አሉ። "እግዜር ይስጥህ፣ ልጄ። ምን ያላሰብክልኝ አለ።" እትዬ ቤት ውስጥ ገቡና ሳይወጡ ቆዩ። እኔ ደስታ መስሎኛል።

ማሽላው ተወቅቶ ካበቃ በኋላ ወንድሜ ሊያይ ወረደ። አንዱ ግማሽ በርሜል ብቻ፣ እሱም እስከ ወገቡ፣ ሞልቶ አገኘው። ሌሎቹ ተደፍተው ዶሮ ያድርባቸዋል። ቅር አለው። "አጎቴ፣ ሥራዬን አላመኑትም እንዴ?" አላቸው። ወልድያ ሲመለስ ፊቱ ጠቁሮ ይህን ነገረኝ። "ገበሬ ወጉን አይለቅም" ብዬ ላጽናናው ሞከርኩ። በሳምንቱ ግን አጎታችን ገበያ ሲመጡ ደጃችን ላይ ቆመው "ሁሉንም ሞልቻቸዋለሁ፤ ጉድጓዱን ባዶ አድርጌዋለሁ። ልብህን እንዳይከፋው" አሉት። ወንድሜ እንደ ሕፃን ሳቀ።

ለጥር ሚካኤል ሁለታችንም ወረድን። ወንድሜ ያን ባለሙያና የገበሬ ማኅበሩን ሊቀመንበር ጋብዟል። ሐሳቡ ትልቅ ነበር፤ ሊቀመንበሩ አይቶ ከወደደው ማኅበሩ ለአባላቱ ሁሉ ያሠራል፣ የሀብሩ ወረዳ ማሽላ ከውኃና ከነቀዝ ይድናል። አስቀድሞ አጎታችንን "ሰው ይዤ ብመጣ ይፈቅዱልኛል?" ብሎ ጠይቋቸዋል። "ቤትህ አይደል እንዴ?" ብለውታል። እስቲ በእኛ አገር ለዚህ ጥያቄ ሌላ መልስ የሰጠ ሰው ማን ነው?

አጎታችን ነጭ ጋቢያቸውን ለብሰው ከደጅ ተቀበሉን። እንግዶቹ ቤት ገቡ። በርሜሎቹ በግድግዳው ጥግ ተደርድረው ያብረቀርቃሉ። ወንድሜ እየተንተባተበ ሁሉን አስረዳ፤ ጧፉን፣ ላስቲኩን፣ መውጫውን። ባለሙያው ራሱን እየነቀነቀ ይሰማል። ሊቀመንበሩ ዱላውን አንሥቶ የመጀመሪያውን በርሜል መታ መታ አደረገው። ባዶ በርሜል ይጮኻል፣ ሙሉ በርሜል ግን ድፍን ያለ ድምፅ ነው ያለው። ቀጥሎ ሁለተኛውን መታ። እያለፈ ስድስቱንም መታና "ጎበዝ፤ በጣም ጎበዝ" አለ። ወንድሜን ያመሰገነ መስሎን ነበር። አጎታችን "የልጄ የእጅ ሥራ ነው" አሉ፤ ድምፃቸው ትንሽ ሰለል ብሏል። እትዬ ጠላ አቅርበው ወዲያው ወጡ። የእንግዳ ፊት እንኳ አላዩም። እኔ፣ ምላሴ መቼም አያርፍ፣ "እትዬ ዛሬ ምን ነክቷቸዋል? ጠላው አልወጣላቸውም መሰለኝ" ብዬ ለወንድሜ ሹክ አልኩት።

የካቲት ላይ የእህል ኮታ ወረደ። ያን ዘመን ያላየ ሰው ኮታ ሲባል ምን እንደሆነ አይገባውም። ገበሬው ከምርቱ ለመንግሥት የሚያስረክበው ልክ ይወሰንበታል፤ ያ ልክ ካልሞላ በሬውን ሸጦ ከገበያ እህል ገዝቶ ይሞላል። በዚያ ዓመት ጠንክሮ ነበር። ወልድያ ገበያ ላይ ገበሬ ማሽላ ሊሸጥ ሳይሆን ሊገዛ መጣ፤ እኔ በዓይኔ አይቻለሁ። ወንድሜ ሥራው አልያዝ አለው። ፋሲካ እንዳለፈ ተያይዘን ወረድን።

አጎታችን ከሩቅ አይተውን ሳቁ። "እኛ ደህና ነን፤ እኛን ብዙም አልነኩን" አሉ። ወንድሜ "እህሉስ?" አላቸው። "በርሜልህ አይደል? ራስህ ምታውና ስማ።" ወንድሜ ገባና በጣቱ አጥንት መታ። ድፍን ያለ ድምፅ። ሌላውን መታ፤ እሱም ድፍን። ወደኔ ዞሮ ሲስቅ ጥርሱ ሁሉ ታየ። እትዬ ቂጣ አቀረቡልን፣ በላን። እኔ "አህያዋ የት ሄደች?" ብዬ ጠየቅሁ። "ጎረቤት ወስዷት ነው" አሉኝ አጎታችን። በመንገድ ላይ ወንድሜ ያፏጭ ነበር። ያ ቂጣ ከምን እንደተጋገረ እስከ ዛሬ እትዬን ለመጠየቅ አልደፈርኩም።

ከዚያ ክረምቱ ሳይመጣ ቀረ። ስለ ሰባ ሰባት ብዙ ሰው ብዙ ስላወራ እኔ አልጨምርበትም። እኔ የማውቀው ከሱቄ ደጃፍ የሚያልፈውን ሰው ነው። መጀመሪያ ከብት እየነዱ አለፉ፣ ቀጥሎ ዕቃ ተሸክመው፣ በኋላ ምንም ሳይዙ። ጨው የሚጠይቀኝ ጠፋ፤ ጨው ለምን? እኔና ወንድሜ ከቀበሌ በምናገኘው እህል ላይ ከዚያም ከዚህም አጠራቅመን አንድ ጆንያ ገደማ አደረግን። "ይህን ለአጎቴ እንላክ" አልኩት። ወንድሜ ተቆጣ። "እሳቸው አላቸው። በገዛ ጆሮዬ ሰምቼዋለሁ። ለሌለው ሰው እንስጥ እንጂ" አለኝ። ክፋት አልነበረበትም። ከበራችን ስር ሕፃን ታቅፈው የሚያድሩ ሰዎች ነበሩ፤ ያን ጆንያ እነሱ በሉት። እነሱም መብላት ነበረባቸው፤ በዚህ የምናደድበት ሰው የለኝም። ብናደድም በማን ላይ እንደምናደድ አላውቅም።

አጎታችን መሞታቸውን የነገረን ከዚያ በኩል በእግሩ የመጣ ሰው ነው። መርሳ አጠገብ መንገድ ዳር በተተከለው መጠለያ፣ እህል ሊቀበሉ ሰልፍ ላይ ተቀምጠው እንዳሉ ዘንበል አሉ፤ ከዚያ አልተነሡም። ወንድሜ ይህን ሲሰማ አላለቀሰም። "አይሆንም። ሌላ ሰው ነው" አለው። "እሳቸው መጠለያ ምን ሊሠሩ ይሄዳሉ?"

ስንደርስ ተቀብረው ነበር። እትዬን ከመጠለያው አገኘናቸው፤ ፊታቸው አጥንት ብቻ ሆኗል። ወልድያ ልንወስዳቸው ተስማምተን፣ ያላቸውን ትንሽ ዕቃ ለማንሣት አብረን ወደ ቤታቸው ሄድን። ግቢው ጭር ብሏል። ጎተራው ፈርሷል፤ እንጨቱ ተነድዷል። ቤት ውስጥ ግን በርሜሎቹ እንደ ተደረደሩ ናቸው፤ ቀለማቸውም አልለቀቀም። ወንድሜ ከበሩ ቆሞ ብዙ አያቸው። ከዚያ ሄዶ የመጀመሪያውን መታ። ድፍን ያለ ድምፅ።

"እህል እያለ?" አለ። "እትዬ፣ ይህ ሁሉ እህል እያለ?"

ወንድሜ ጎንበስ ብሎ ያችን የምትንሸራተት ብረት ሳባት። አሸዋ ፈሰሰ። ነጣ ያለ፣ የተበጠረ የወንዝ አሸዋ፤ ያለ ምንም ችግር እየተንሿሿ እግሩ ላይ ወረደ። መውጫዋ ልክ እንደ ሠራት ትሠራ ነበር። ወንድሜ መዝጋቱን ረስቶ ቆሞ ያያል። እኔ ነኝ ገፍቼ የዘጋኋት።

እትዬ መደቡ ላይ ተቀመጡና ነገሩን፤ በዝግታ፣ ስለ ሌላ ሰው እንደሚያወሩ። ከጥር ሚካኤል በኋላ ለአጎታችን የወረደው ኮታ የሀብታም ገበሬ ኮታ ነበር። "ስድስት ሙሉ በርሜል ያለው ሰው" ተብለዋል። ሰዎቹ ጆንያ ይዘው ሲመጡ ብዙም አልደከሙ። ጆንያውን ከሥር ይደቅናሉ፣ ብረቷን ይስባሉ፣ እህሉ ራሱ ይወርዳል። "በጉድጓድ ቢሆን ኖሮ መጀመሪያ ማግኘት ነበረባቸው" አሉ እትዬ። "ጎተራው ለሰው ዓይን ነው፤ ጉድጓዱ ለጉሮሮ። እዚህ አገር ይህን የማያውቅ የለም።"

"እኔ አላውቅም ነበር" አለ ወንድሜ። "ለምን በጉድጓድ እንደሆነ ጠይቄያቸው ነበር። ከፊትዎ ነው የጠየቅኋቸው። ለምን አልነገራችሁኝም?"

"እንዲህ ያለ ነገር በአፍ ይነገራል? ሆድ ይፍጀው የሚባል ነገር ነው። ደግሞ ነግሮህ አንድ ቀን ይዘው ቢጠይቁህስ? ካላወቅህ ምንም አትሆንም ብሎ ነው።"

"እሺ፣ በርሜሉን አልፈልግም ማለት አቃታቸው?"

እትዬ ቀና ብለው አዩት። "እኔ ብዬው ነበር። 'እባክህን መልስለት፤ ወይም ዶሮ ይደርበት፣ እህላችንን ከጉድጓዱ አታውጣብኝ' ብዬው ነበር። መጀመሪያ ላይ ሰምቶኝ ነበር። በኋላ አንተ መጥተህ 'አላመኑኝም' ስትለው ሌሊቱን ሲገላበጥ አደረ። 'ይህ ልጅ አባት የለው፤ ለመጀመሪያ ጊዜ አንድ ነገር ሊሰጠኝ መጣ፤ እንዴት ብዬ ነው ፊቱን የምመልሰው?' አለኝ።"

"አሸዋውስ?"

"እሱም ያው ነው። ከፋሲካ በኋላ መምጣትህ እንደማይቀር ያውቃል፤ እንደምትመታውም ያውቃል። ባዶ መሆኑን ቢሰማ በራሱ ይፈርዳል አለ። ከወንዙ ቀን ቀን ተመላልሰን ሞላነው፤ እኔ በእንስራ፣ እሱ በስልቻ። አህያዋ ያን ጊዜ ተሸጣለች።"

እኔ ተናደድኩ። እስከ ዛሬም እናደዳለሁ፤ ለቅሶ ላይ ነውር ነው ቢሉኝም አልደብቀውም። አንድ ሰው አንድ ቃል ቢናገር፣ አንድ ጊዜ "አይሆንም" ቢል፣ ያ ጆንያ መርሳ ይወርድ ነበር። "እንዲህ ያለ ደግነት ለማን ይበጃል?" ብዬ ጮህኩ፤ ወንድሜ ፈዞ ስለነበር ጩኸቴን ከእትዬ በቀር የሰማው የለም። እሳቸው "ልክ ነሽ፣ ልጄ" አሉኝ። ልክ መሆኔ ደግሞ የባሰ አቃጠለኝ።

ወንድሜ በርሜሎቹን እዚያው ትቷቸው ወጣ። እትዬን ይዘን ወልድያ ተመለስን። ከተወሰነ ጊዜ በኋላ ከግድግዳው ማዶ ብቻውን ሲያወራ ሰማሁት። "አህያ ጫኙን ጠየቅሁ፣ ሴቶቹን ጠየቅሁ፣ ባለ ወፍጮውን ጠየቅሁ" ይላል። እንደገና ከመጀመሪያው ይጀምራል። ሰንሰለቱን እየቆጠረ ነው። ያላገኛቸው ሁለት ቀለበቶች ማንም በአፉ የማይጠራቸው ነበሩ፤ አንደኛው ፍርሃት፣ ሁለተኛው ይሉኝታ። እነዚህን ማንን ጠይቆ ያገኛቸዋል? ሁለቱም ቢጠየቁ "ወግ ነው" ነው የሚሉት።

እትዬ እስኪሞቱ ከእኔ ጋር ኖሩ። ከሱቁ በር ላይ ተቀምጠው መንገዱን ያያሉ። ወንድሜን እንደ ወለዱት ልጅ ይወዱት ነበር፤ እሱ ግን ፊታቸውን በደንብ አያይም። የእህል በርሜል ዳግመኛ አልሠራም። ከሩቅ የሰሙ ገበሬዎች እየመጡ ቢለምኑትም "ብረት የለኝም" ይላቸዋል፤ ብረቱ ከኋላው ተቆልሎ ይታያል።

በሩንና መስኮቱን፣ አልጋውንና የመኪናውን ብረት ግን መሥራቱን አልተወም። አንዲት ነገር ብቻ ጨመረ። ዕቃው አልቆ ደንበኛው ሊረከብ ሲመጣ ወንድሜ ዕቃውን ይዞ ይቆይና "ካልፈለግኸው እምቢ በለኝ" ይለዋል። ሰውየው ግራ ይገባዋል። "ኧረ ምን ማለትህ ነው? በጣም ያምራል" ይላል። "አውቃለሁ፤ ግን ካልሆነህ እምቢ በለኝ፤ አልቀየምህም።" ሰውየው ይስቃል፣ ያመሰግናል፣ "እጅህ ይባረክ" ይላል፣ ተሸክሞ ይሄዳል። እኔ በግድግዳው በኩል እሰማለሁ። ስንት ዓመት ሰማሁ፤ እምቢ ያለው ሰው ግን አንድም አልሰማሁም።